እንከንን የማንሣት ጥበብ፦ ፎቶግራፍ ከእርሳስ እስከ ስሌት

የሰው ልጅ የሠራው መሣሪያ ሁሉ የሚለካውን ነገር ሲመዘግብ የራሱንም ጉድለት አብሮ ይመዘግባል። ሚዛን ዝገቱን፣ ሰዓት የሞላውን መላላት፣ የቀያሽ መነጽርም የመስተዋቱን መዛባት በውጤቱ ላይ ሳይጨምር አይቀርም። ስለዚህ ከመሐንዲስ ተግባሮች አንዱ የመሣሪያውን ስሕተት ከተለካው ነገር እውነት መለየት ነው። መለየቱ በትክክል ሲፈጸም እርማት ይባላል። ሳይለዩ ሁለቱንም አብሮ መደምሰስ ግን፣ ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ እርማት ሊባል አይችልም።

ፎቶግራፍ ማንሻም በብርሃን አማካይነት የሚሠራ የመለኪያ መሣሪያ ነው። በሚሰጠው ምስል ላይ ሁለት ዓይነት እንከን ይገኛል። አንደኛው የመሣሪያው ነው፤ ይኸውም በሌንሱ ላይ የተቀመጠ አቧራ፣ በፊልሙ ላይ የተሰመረ ጭረት ወይም በኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ የተፈጠረ ነጠብጣብ ነው። ሁለተኛው የተነሣው ነገር ነው፤ ይኸውም በፊት ላይ ያለ ጠባሳ፣ ብጉር ወይም ማድያት፣ በግድግዳ ላይ ያለ ስንጥቅና ይህን የመሳሰለው ነው። ዛሬ ዘመናዊ የእጅ ስልክ የያዘ ሰው ሁለቱንም በጣቱ በመንካት ብቻ ለማጥፋት ይችላል። ይህ ችሎታ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ከ160 ዓመታት በላይ የፈጀ የእጅ ሙያና የሒሳብ ጥናት ውጤት ነው። ታሪኩ ሲመረመር ግን ማጥፋቱ እየቀለለ በሄደ መጠን «ይህ እንከን የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እየተዘነጋ እንደ ሄደ ይታያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእርሳስና የምላጭ ዘመን

የፈረንሳዊው ዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ በ1839 በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። በ1851 ደግሞ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ኮሎዲዮን በተባለ ፈሳሽ በተቀባ መስተዋት ላይ ኔጌቲቭ የማንሣትን ዘዴ አሳተመ። ዘዴው ጥርት ያለ ምስል የሚሰጥና ከአንድ ኔጌቲቭ ብዙ ቅጂ ለማተም የሚያስችል ስለ ነበረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አገሮች ተስፋፋ።

ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን የብር ጨው አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። ለሰማያዊና ለሐምራዊ ብርሃን ንቁ ሲሆን፣ ለቢጫና ለቀይ ብርሃን ግን ዕውር ሊባል የሚችል ነበር። ከዚህም የተነሣ ሰማያዊው ሰማይ በሕትመቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ በፊት ላይ ያለ ቀላ ያለ ምልክት ወይም ቡናማ ጠቃጠቆ ግን ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። በዓይን ሲታይ ልብ የማይባለው ምልክት በፎቶግራፉ ላይ ጐልቶ ሲወጣ ባለጉዳዩ «ይህ የእኔ ፊት አይደለም» ቢል እውነት ነበረው። በመሆኑም እንከን የማንሣት ሙያ ሲወለድ መነሻው ከንቱ ውዳሴ ብቻ አልነበረም፤ ከፊሉ የኬሚስትሪን ጉድለት በእጅ ጥበብ ለማካካስ የተደረገ ጥረት ነበር።

የሙኒኩ ፎቶግራፍ አንሺ ፍራንስ ሀንፍሽቴንግል በ1855 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የአንድን ሰው ምስል፣ በኔጌቲቩ ላይ እርማት ከመደረጉ በፊትና ከተደረገ በኋላ ያለውን፣ ለማነጻጸር አቀረበ። ተመልካቹ እጅግ ተደነቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኔጌቲቭን ማረም በየፎቶ ቤቱ የተለመደ ሥራ ሆነ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነበር። በኔጌቲቭ ላይ ብርሃንና ጨለማ ተገላብጠው ስለሚገኙ፣ በሕትመቱ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚወጣው ነጥብ በመስተዋቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ሥሥ ቦታ ነው። ሠራተኛው ኔጌቲቩን ከበስተኋላው ብርሃን በሚያገኝ ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ላይ ያቆማል፤ እርሳስ እንዲይዝለት ገጹን በቫርኒሽ ይቀባል፤ ከዚያም እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ሥሡን ቦታ በጥቃቅን ጭረቶች እየሞላ በዙሪያው ካለው ጥቁረት ጋር ያስተካክለዋል። ጥቁረቱ ከመጠን ያለፈበት ቦታ ሲገኝ በምላጭ ቀስ ተብሎ ይፋቃል። በኔጌቲቩ ላይ ያረፈ አቧራ በሕትመቱ ላይ የሚተወው ነጭ ነጥብም በቀጭን ብሩሽና ተመሳሳይ በሆነ ቀለም ይሸፈናል። ሥራው ትዕግሥትን፣ የማይንቀጠቀጥ እጅንና የፊትን አሠራር ማወቅን ይጠይቃል። ምላጩ አንድ ጊዜ ከሳተ ኔጌቲቩ ተመልሶ አይድንም። ይህ ሙያ ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል፤ ለአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶችም እንግዳ አልነበረም።

በ1873 በበርሊን ያስተምር የነበረው ኸርማን ቪልሄልም ፎግል የብር ጨው የተወሰኑ ማቅለሚያዎች ቢጨመሩበት ለአረንጓዴና ለቢጫ ብርሃንም ንቁ እንደሚሆን ደረሰበት። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያም ለሚታየው ብርሃን ሁሉ ንቁ የሆኑ መስተዋቶች ለገበያ ቀረቡ። በዚህ ሁኔታ የኬሚስትሪው ጉድለት ታረመ። ጉድለቱ የወለደው ሙያ ግን አልቀረም። ደንበኛው መሣሪያው ያበላሸውን ብቻ ሳይሆን ተፈጥሮና ዕድሜ በፊቱ ላይ የጻፉትንም እንዲያነሡለት ለምዶ ነበር። ምክንያቱ ሄደ፤ ልማዱ ቀረ።

ከጠባሳ እስከ ሰው

ልማዱ ከፎቶ ቤት ወጥቶ ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ሲገባ ምን እንደሚያስከትል የሶቪየት ኅብረት ታሪክ ያስረዳል። ጆሴፍ ስታሊን በልጅነቱ ፈንጣጣ ይዞት ስለ ነበር ፊቱ ጠባሳ ነበረበት። በይፋ በሚታተሙት ፎቶግራፎች ላይ ግን ጠባሳው እየተነሣ ፊቱ ልስልስ ሆኖ ይወጣ ነበር። ጠባሳውን ያነሣው ብሩሽ በዚያ አልቆመም። በ1937 በሞስኮና ቮልጋ ቦይ ዳር በተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ላይ የምሥጢር ፖሊሱ ኃላፊ ኒኮላይ የዦቭ ከስታሊን አጠገብ ይታያል። የዦቭ በ1939 ተያዘ፤ በ1940ም በሞት ተቀጣ። ከውድቀቱ በኋላ በወጣው ቅጂ ላይ እርሱ ቆሞበት በነበረው ቦታ የሚታየው የቦዩ ውሃ ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። በአሠራር በኩል ሲታይ ጠባሳን በማንሣትና ሰውን በማንሣት መካከል ልዩነት የለም። በሁለቱም የሚደረገው አንድን ቦታ በዙሪያው ባለው ነገር መሸፈን ነው። ብሩሹ የሚያውቀው የቦታውን ስፋት እንጂ በቦታው ያለውን ነገር ምንነት አይደለም። ዓለም ይህን ሁሉ ለማወቅ የቻለው ያልታረሙት ቅጂዎች በየቦታው ተርፈው ስለ ተገኙ ነው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ኪንግ እነዚህን ጥንድ ጥንድ ፎቶግራፎች ለብዙ ዓመታት ሲያሰባስብ ቆይቶ በ1997 በመጽሐፍ አውጥቷቸዋል።

ምስል ቁጥር ሲሆን

በ1957 በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው ራስል ከርሽ የሦስት ወር ልጁን ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒዩተር አስገባ። ምስሉ በአግድም 176፣ በቁም 176፣ በጠቅላላው 30,976 ነጥቦች ነበሩት። እያንዳንዱ ነጥብ፣ ዛሬ ፒክስል የሚባለው፣ በቁጥር ተተካ። ምስል ቁጥር ከሆነ ደግሞ እንከኑን ማንሣት የእጅ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የሒሳብ ሥራ ይሆናል።

ይህን ሒሳብ ወደ ሥራ ካዋሉት አንዱ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ነው። በ1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር በማርስ አጠገብ ስታልፍ እያንዳንዳቸው 200 በ200 ነጥብ የሆኑ 22 ምስሎችን አነሣች። አንዱን ምስል ወደ መሬት ለማስተላለፍ 8 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። ከሩቅ በሚመጣ ደካማ ምልክት ላይ ስሕተት መግባቱ የማይቀር ስለሆነ፣ የጠፈር ምስሎች ከመሬቱ ገጽ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ጥቁርና ነጭ ነጠብጣቦችን ይዘው ይደርሱ ነበር። የእነዚህ ባለቤት ማን እንደሆነ አያጠራጥርም፤ የመሣሪያውና የመንገዱ ናቸው።

ነጠብጣቦቹን የማንሻው ዘዴ በአንድ ቀላል ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። 9 ጎረቤታም ነጥቦች የሚከተለው የብርሃን መጠን አላቸው እንበል፦ 52፣ 54፣ 55፣ 53፣ 255፣ 56፣ 54፣ 53፣ 55። መካከል ላይ ያለው 255 ስሕተት መሆኑ ግልጽ ነው። በአማካይ ቁጥር ቢተካ አማካዩ ከ76 በላይ ስለሚሆን ስሕተቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። 9ኙ ቁጥሮች ከትንሹ ወደ ትልቁ ተደርድረው መካከል ላይ የሚውለው ቢወሰድ ግን መልሱ 54 ይሆናል፤ ስሕተቱም ያለ ምልክት ይወገዳል። ይህ ዘዴ በ1970ዎቹ በአሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጆን ቱኪ አማካይነት የታወቀ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ በምስል እርማት ውስጥ ያገለግላል።

ነገር ግን በጥቁር ሰማይ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ኮከብም በቁጥር ስትገለጽ ከዚያ 255 አትለይም። ስሌቱ ስሕተቱን እንዳስወገደ ኮከቢቱንም ያስወግዳል። እንግዲህ ቁጥርም እንደ ብሩሹ ሁሉ የእንከኑን ባለቤት አያውቅም ማለት ነው። የላቦራቶሪው መሐንዲሶች ይህን ስለተረዱ ሁለት ልማዶችን አጸኑ። አንደኛ፣ እንደ መጣ ያለው ምስል ሳይነካ ይጠበቃል። ሁለተኛ፣ በቅጂው ላይ የተደረገው እያንዳንዱ እርማት በቅደም ተከተል ይመዘገባል። በ1977 በተላኩት የቮየጀር መንኮራኩሮች ምስሎች ላይ መሐንዲሶች ራሳቸው ለልኬት ብለው በካሜራው ውስጥ ያስቀመጧቸው ጥቃቅን ነጥቦች ይታዩ ነበር። ለሕዝብ በሚታተመው ቅጂ ላይ ነጥቦቹ ይነሣሉ፤ በማኅደር በተቀመጠው ዋና ምስል ላይ ግን እንዳሉ ናቸው።

ስሌቱ ወደ ጠረጴዛ ሲወርድ

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ምስልን በኮምፒዩተር ማረም የሚችሉት ውድ መሣሪያ ያላቸው ማተሚያ ቤቶች ብቻ ነበሩ። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት በየካቲት 1982 በሽፋኑ ላይ የጊዛን ፒራሚዶች ለገጹ ቅርጽ እንዲስማሙ ሲል በኮምፒዩተር አቀራርቦ በማውጣቱ ብርቱ ወቀሳ ደርሶበታል።

በ1987 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያጠና የነበረው ቶማስ ኖል ምስልን በግል ኮምፒዩተር ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ወንድሙ ጆን ኖልም በፊልም ሥራ ውስጥ ስለ ነበር ፕሮግራሙን በሐሳብ አዳበረው። አዶቤ የተባለው ኩባንያ ፕሮግራሙን ተረክቦ በየካቲት 1990 ፎቶሾፕ በሚል ስም ለገበያ አቀረበው።

በፎቶሾፕ ውስጥ እንከን የሚነሣበት የመጀመሪያው ዓይነተኛ ዘዴ ማኅተም የሚመስለው ነበር። ሠራተኛው ከንጹሕ ቦታ ላይ ቅጂ ወስዶ በእንከኑ ላይ ያትማል። ዘዴው ፈጣን ቢሆንም ሁለት ድክመት አለው። የተቀዳው ቦታ ብርሃን ከአዲሱ ቦታ ብርሃን ጋር ካልተስማማ ጠርዙ ይታያል፤ ደጋግመው ሲያትሙም አንዱ ቅርጽ ተመላልሶ ይገኛል። በ2006 ሮይተርስ ያሠራጨው የቤይሩት ፎቶግራፍ የተጋለጠው በዚሁ ምክንያት ነው። በጢሱ ውስጥ አንዱ ቅርጽ ተደጋግሞ መታየቱን አንባቢዎች አስተዋሉ፤ የዜና ድርጅቱም የፎቶግራፍ አንሺውን 920 ምስሎች ከሽያጭ አነሣ።

በ2002 በወጣው 7ኛው የፎቶሾፕ እትም የጠርዙ ችግር መፍትሔ አገኘ። «ሂሊንግ ብራሽ»፣ ማለትም «ፈዋሽ ብሩሽ»፣ የተባለው አዲስ መሣሪያ ከንጹሑ ቦታ የቆዳውን ወይም የጨርቁን ሸካራነት ብቻ ወስዶ፣ ብርሃኑንና ቀለሙን ግን ከእንከኑ ዙሪያ ጋር ያስማማል። በ2003 ፓትሪክ ፔሬስ፣ ሚሼል ጋንኜና አንድሩ ብሌክ ለዚሁ ዓይነት ሥራ የሚሆን ሒሳብ በግልጽ አሳተሙ። ሒሳቡ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም፤ በሙቀት ሥርጭትና በኤሌክትሪክ መስክ ጥናት የሚታወቀው የፖይሰን እኩልታ ነው። ከምንጩ የሚወሰደው የነጥቦቹ መጠን ሳይሆን በጎረቤታም ነጥቦች መካከል ያለው ልዩነት ነው። በዙሪያው ጠርዝ ላይ ያለው መጠን ሳይለወጥ ተይዞ እኩልታው ሲፈታ፣ የተሞላው ቦታ ያለ ስፌት ከአካባቢው ጋር ይዋሐዳል።

ከዚያ ወዲህ ጉዞው ፈጠነ። በ2005 ሠራተኛው ምንጩን መምረጥ ሳያስፈልገው እንከኑን በመንካት ብቻ የሚያነሣ ብሩሽ ወጣ። በ2010 ፕሮግራሙ ራሱ ምስሉን ሁሉ ፈትሾ ሰፊ ቦታን በሚስማማ ነገር የሚሞላበት ዘዴ ተጨመረ። በ2023 ደግሞ ከብዙ ምስሎች የተማረ ስሌት በምስሉ ውስጥ ፈጽሞ ያልነበረን ነገር ፈጥሮ መሙላት ጀመረ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ከቀደሙት በዓይነቱ ይለያል። ከማኅተሙ እስከ 2010ሩ ዘዴ ድረስ ክፍተት ይሞላ የነበረው በተለምዶ ከዚያው ምስል፣ ማለትም በዚያች ቅጽበት ካሜራው በእርግጥ ካየው ነገር፣ በተወሰደ ነበር። አሁን ግን የሚሞላው ካሜራው ባላየው ነገር ነው።

ሁለት የመሐንዲስ ምሳሌዎች

እንከንን ማንሣት በራሱ ክፉ ነገር አለመሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ በ1990ዎቹ መጨረሻ የፊልም መቅጃ መሣሪያዎች ላይ የተጨመረው አቧራ መለያ ነው። የቀለም ፊልም ማቅለሚያዎች ከቀይ በታች ያለውን የማይታይ ብርሃን ያሳልፋሉ፤ አቧራና ጭረት ግን ያግዱታል። ስለዚህ መሣሪያው ፊልሙን በዚህ ብርሃን አንድ ጊዜ ሲያየው የሚያገኘው የአቧራውን ካርታ ብቻ ነው። እርማቱም በካርታው ላይ በተመለከተው ቦታ ብቻ ይፈጸማል። በፊት ላይ ያለ ጠባሳ በካርታው ላይ ስለማይገኝ አይነካም። እዚህ ላይ «እንከኑ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በግምት ሳይሆን በልኬት ተመልሷል። መሣሪያው ወሰንም አለው። የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል የተሠራው ከብር ስለሆነና ብርም ያንን ብርሃን ስለሚያግድ፣ መሣሪያው ምስሉን ራሱን እንደ አቧራ ይቆጥረዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ላንድሳት 7 የተባለው የመሬት ተመልካች ሳተላይት ነው። ግንቦት 31 ቀን 2003 የሳተላይቱን የቅኝት መስመር የሚያስተካክለው ክፍል ተበላሸ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በተነሣው በእያንዳንዱ ምስል ላይ፣ ኢትዮጵያን በሚያሳዩት ላይም ጭምር፣ 22 በመቶ ያህሉ መረጃ የሌለበት ባዶ ሽንሽን ሆነ። ሽንሽኑን በሌላ ቀን ከተነሣ ምስል ወስዶ መሙላት ይቻላል፤ ተሞልቶም ሲታይ ምስሉ ሙሉ ይመስላል። ይሁን እንጂ በሽንሽኑ ውስጥ የሚታየው ማሳ የዚያን ቀን ማሳ አይደለም። በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሰብልን ስፋት ወይም የወንዝን ሙላት የሚያሰላ ባለሙያ ያልተለካውን እንደ ተለካ ቆጥሮ ይሳሳታል። ለዚህም ሲባል የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባዶዎቹ ቦታዎች የት የት እንደሆኑ የሚያመለክት መሸፈኛ ከምስሎቹ ጋር አብሮ ያቀርብ ነበር። የሞላም ሰው ምን እንደ ሞላ እንዲያውቅ መንገዱ ተከፍቶለታል።

ሕግና ምስክርነት

ጥያቄው ከሙያ አልፎ ወደ ሳይንስና ወደ ሕግ ደርሷል። ጆርናል ኦፍ ሴል ባዮሎጂ የተባለው መጽሔት ከ2002 ጀምሮ ለሕትመት የተቀበላቸውን ጽሑፎች ምስሎች አንድ በአንድ መመርመር ያዘ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በ20,621 የሕክምናና የሥነ ሕይወት ጽሑፎች ላይ ባደረገው ፍተሻ 3.8 በመቶው አጠራጣሪ የምስል ድግግሞሽ እንዳለባቸው አረጋገጠ። በቤተ ሙከራ ምስል ላይ «ያላማረ» ነጥብ ማንሣት የመድኃኒትን ውጤት እስከ መለወጥ ሊደርስ ይችላል።

በማስታወቂያ በኩልም ፈረንሳይ ከጥቅምት 1 ቀን 2017 ጀምሮ የሞዴሎች የሰውነት ቅርጽ የተለወጠበት የንግድ ምስል «የታረመ ፎቶግራፍ» የሚል ጽሑፍ እንዲኖረው ደነገገች። ኖርዌይም በ2022 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ምልክት የማድረጉ ግዴታ ቆዳን ማረምንም እንዲጨምር አደረገች። ሁለቱም ሕጎች እርማትን አልከለከሉም፤ የጠየቁት እንዲነገር ብቻ ነው። በዚሁ መንፈስ በ2021 አያሌ የኮምፒዩተርና የዜና ድርጅቶች ተባብረው የአንድ ምስል አነሣሥና እርማት ታሪክ ከምስሉ ጋር ታትሞ የሚሄድበትን የጋራ ደረጃ ማዘጋጀት ጀመሩ። በ2023ም ይህን መዝገብ ከመነሻው የሚጽፍ የላይካ ካሜራ ለገበያ ቀርቧል።

በአጭሩ፣ ይህ አዲስ የሚመስለው መፍትሔ አሮጌው እርሳስ በተፈጥሮው ይፈጽመው የነበረውን ነው። የ19ኛው ምዕተ ዓመት የመስተዋት ኔጌቲቭ በጎን ከሚመጣ ብርሃን አንጻር ዘንበል ተደርጎ ቢታይ፣ የሠራተኛው ጥቃቅን የእርሳስ ጭረቶች ዛሬም በቫርኒሹ ላይ ተለይተው ይታያሉ። ሠራተኛው የሰውየውን ጠቃጠቆ አንሥቷል፤ ማንሣቱን ግን አልደበቀም፤ ሊደብቅም አልቻለም። በስሌት የሚደረገው እርማት እንዲህ ያለ ጭረት አይተውም። በሳተላይት ምስልም ሆነ በቤተ ሙከራ ወይም በሠርግ ፎቶግራፍ ላይ ጭረቱ እንዲኖር ካስፈለገ አውቆ የሚያኖረው ሰው ያስፈልጋል፤ ይኸውም ዋናውን ምስል የሚጠብቅና የለወጠውን የሚመዘግብ ሰው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ዋናው ምስል ከጠፋ ግን እያደር የሚጠራ ነገር አይኖርም።